የእንግዳ ማረፊያው ምግብ አብሳይ «የቤት ሠራተኛ» ናት?

ጥያቄው የመጣው ከሰሜን ሸዋ ነው። ጠያቂዋ በአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የግዥ ባለሙያ ናት። ረዘም ያለ ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መሥሪያ ቤታችን ከዞንና ከክልል የሚመጡ ባለሙያዎች የሚያድሩበት ስድስት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለው። አንዲት ሴት ምግብ ታበስላለች፣ አንሶላ ታጥባለች፣ ክፍሎቹን ታጸዳለች። አንድ ዘበኛም አለ። ላለፉት አራት ዓመታት ‹የቤት ሠራተኛ› እየተባሉ ከፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ ከሚያዘው ጥሬ ገንዘብ) ፈርመው ይወስዱ ነበር። ዘንድሮ የውስጥ ኦዲተሩ ‹ይህ ግዥ ነው ወይስ ቅጥር?› ብሎ ጻፈብን። አለቃዬ ‹በአገልግሎት ግዥ ጨረታ አውጪው፤ እግረ መንገድሽን የእኔንም ቤት ሠራተኛ አስገቢያት፣ የምኖረው በመንግሥት ቤት ነው› አሉኝ። ባለፈው የጽዳት ጨረታ ደግሞ አንድ የሴቶች ማኅበር በሰው ቤት ያስገባቸውን ሠራተኞች እንደ ሥራ ልምድ አቅርቦ ኮሚቴው ውስጥ ተከራክረንበታል። የአገልግሎቱን ዓይነት የሚያመለክት የመደብ ኮድ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ‹ሠራተኛ የሚቀጥሩ ቤተሰቦች› የሚል አገኘሁ። እሱን ልጠቀም?»

እህቴ፣ መልሱን በአጭሩ ላስቀድምልሽ። ኮዱን አትጠቀሚበት። መሥሪያ ቤት ቤተሰብ አይደለም፤ ስለዚህ የቤት ሠራተኛ ሊኖረው አይችልም። ሴትየዋ ወይ የመሥሪያ ቤቱ ቅጥረኛ ናት፣ ወይ ጨረታውን የሚያሸንፈው ድርጅት ሠራተኛ ትሆናለች። የአለቃሽ ቤት ሠራተኛ የእሳቸው ሠራተኛ ናት፤ ጨረታው ውስጥ ቦታ የላትም። የማኅበሩ ጉዳይ ግን ረጋ ብሎ መታየት ያለበት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሥራውን አይቶ ስለሚመድብ ነው። እስቲ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ሴት አስቢ። ሰኞ አንድ መምህር ቤት በተመላላሽነት ገብታ እንጀራ ትጋግራለች። ማክሰኞ ሆቴል ጓሮ ትጋግራለች። ረቡዕ እንደ እናንተ ያለ ማረፊያ ትጋግራለች። ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰዋለች፣ ሊጡን ታዞራለች፣ አክንባሎውን ትደፋለች፣ በሰፌድ ታወጣለች። ጭሱ ዓይኗን የሚያቃጥላት በሦስቱም ቦታ እኩል ነው። ሕጉ ግን ሦስት ቦታ ያስቀምጣታል። ሰኞ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ምክንያቱም የቀጠራት ቤተሰብ ነው፤ እንጀራውን የሚበላውም ያው ቤተሰብ ነው። ማክሰኞ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ናት። ረቡዕ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወይም የአገልግሎት አቅራቢ ድርጅት ሠራተኛ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ምን ትሠራለች?» ብለሽ አይደለም። «ማን ቀጠራት? የሥራዋን ፍሬስ ማን ይጠቀምበታል?» ብለሽ ነው።

ያገኘሽው ኮድ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴዎች መደብ 4ኛ እትም ውስጥ 9700 የሚባል ቁጥር አለ። የቤት ሠራተኛ የሚቀጥሩ ቤተሰቦችን የሚመለከት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ምግብ አብሳይ አለ፣ ልብስ አጣቢ አለ፣ አትክልተኛ፣ በር ጠባቂ፣ ሾፌር፣ ሞግዚት፣ ሌላው ቀርቶ የቤት አስጠኚም አለ። ይህን ያየ ሰው «የእኛዎቹም እዚህ ናቸው» ቢል አይፈረድበትም። ግን ወረድ ብለሽ አንብቢው። ምግብ ማብሰልን ወይም አትክልት መንከባከብን ራሱን ችሎ የሚያቀርብ ድርጅት ወይም ግለሰብ እዚህ አይገባም፤ እንደየአገልግሎቱ ዓይነት በሌላ መደብ ይታያል ይላል። መደቡ የሚናገረው ስለ አሠሪው ቤተሰብ ነው። የቆመበትም ምክንያት ይህ ነው፤ በሕዝብ ቆጠራ ወይም በጥናት ወቅት የቤት ሠራተኛዋ «አሠሪሽ በምን ዘርፍ ነው?» ስትባል መልስ እንዲኖራት።

በነገራችን ላይ በብሔራዊ ሒሳብ ሲሠራ ደመወዝ የምታገኝ የቤት ሠራተኛ ሥራ በአገር ምርት ውስጥ ይገባል። ዋጋው የሚለካው ለእሷ በተከፈላት ልክ ብቻ ነው። ያንኑ ሥራ እናት ወይም ሚስት ያለ ክፍያ ስትሠራው ግን አይቆጠርም። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ከመንዝና ከተርማበር መጥታ ከተማ የገባች ልጅ ደመወዟ ሲያንስ ሥራዋም በአገር ሒሳብ ላይ አብሮ የሚያንስ መሆኑ ነው።

ወይም ደግሞ ያየሽው ምናልባት የአውሮፓ ኅብረት የግዥ መደብ ይሆናል፤ ሲፒቪ የሚባለው። እዚያ 98500000 «ሠራተኛ የሚቀጥሩ ቤተሰቦች» ነው፤ ከሥሩ 98514000 «የቤት ውስጥ አገልግሎት» አለ። «የግዥ መደብ ውስጥ ከተጻፈማ ይገዛል ማለት ነው» እንዳትዪ። እዚያው ሥር 98513310 የሚባለውን ተመልከቺ፤ የቤት ውስጥ እገዛ ነው። የአንድ ከተማ አስተዳደር አቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያግዝ ድርጅት ሲገዛ የሚጠቀምበት ዓይነት ቁጥር ነው። ተጠቃሚው ቤተሰብ ነው፣ ከፋዩ መንግሥት ነው፣ አሠሪው ግን ድርጅቱ ነው። ነገ የወረዳችሁ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንዲህ ያለ አገልግሎት ልግዛ ቢል ያኔ እንነጋገርበታለን። የእናንተ ማረፊያ ጉዳይ ግን በዚያው መደብ እንኳ ሲታይ ጽዳቱ 90910000፣ ጥበቃው 79713000፣ አንሶላ አጠባው 98310000 ላይ ነው የሚወድቀው። እነዚህ ቁጥሮች እኛን የሚገዙ ሕጎች አይደሉም። የጠቀስኳቸው ሥራውን በዓይነቱ መለየት እንዴት እንደሆነ እንድታዪበት ነው። ኮድ ስትሳሳቺ የሚመጣውም ጉዳት ቀላል አይደለም። በጽዳት ፈቃድ ያወጣው ድርጅት ማስታወቂያሽን አይቶ «ይህ እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፈዋል። የሚመጣልሽ ደላላ ይሆናል።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 3 ላይ የማይመለከታቸውን ይዘረዝራል። ከእነሱ አንዱ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ነው። የቤት ሠራተኞች ከአዋጁ ውጭ የሆኑት በዚህ በር ነው። የእነሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን አዋጁ ሥልጣን ሰጥቷል። ከዚያ ውጭ የሚቀራቸው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2601 አሠሪው አብራው ለምትኖር ሠራተኛ ማደሪያዋን፣ ምግቧን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቷን በሚመለከት ጤናዋና ክብሯ እንዳይጎዳ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። መልካም ቃል ነው። ግን በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ቀን ፈቃድ ብለሽ ብትጠይቂ በአንቀጹ ውስጥ ቁጥር አታገኚም።

እንግዲህ አንዲትን ሴት «የቤት ሠራተኛ» ብለሽ ስትመድቢ ምን እየወሰድሽባት እንደሆነ አስቢ። በአዋጁ የምትገዛ ሠራተኛ የሥራ ሰዓቷ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላት። ብትወልድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። በሥራ ላይ ብትጎዳ ካሣ አላት። «የቤት ሠራተኛ» የሚለው ቃል ሰነዱ ላይ ሲጻፍ ይህ ሁሉ በአንድ ብዕር ይሰረዛል። ለዚያውም በሐሰት። ምክንያቱም መሥሪያ ቤት የግል ኑሮ የለውም፤ የግል አገልግሎትም አይቀጥርም።

ይህን አጥብቄ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ስላየሁ ነው። ወጣት ሆኜ አንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ስሠራ እንደ እናንተው ያለ ማረፊያ ነበረን። ምግብ የምታበስለው ሴት አንድ ቀን የፈላ ውኃ ያለበት ድስት ስታወርድ እጀታው ተነቀለ። ከክርኗ እስከ ጣቷ ተላጠች። ሁለት ወር ተኛች። ወጪዋን ለማን እንደምታቀርብ ስትጠይቅ «አንቺ የቤት ሠራተኛ ነሽ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ አይደለሽም» ተባለች። ለማስረጃ የወጣው እኔ በወር በወሩ የፈረምኩበት የክፍያ ሰነድ ነበር። «ለቤት ሠራተኛ የተከፈለ» ይላል፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ። ያቺን መስመር ስጽፍ ምንም አልታየኝም ነበር። አንቺ ግን ገና ከመጀመሪያው ጠየቅሽ፤ ለዚህ አከብርሻለሁ።

የግብሩም ነገር አለ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለቤት ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው። ሕግ አውጪው ያሰበው ቤተሰብን ነው። መሥሪያ ቤት በዚህ ስም ከፍሎ ግብር ሳይቀንስ ከቆየ ኦዲተሩ የሚቀጥለው ጥያቄው እሱ ነው። ሳይጠየቅ ቀድመሽ ብታነሺው ይሻላል።

«ግዥ ነው ወይስ ቅጥር?» የሚለው የኦዲተራችሁ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። የግዥ ሕግ የሚያውቀው ዕቃን፣ የግንባታ ሥራን፣ የምክር አገልግሎትንና ሌሎች አገልግሎቶችን በውል ማግኘትን ነው። ሰው መቅጠር እዚህ ውስጥ የለም። የእናንተ ወረዳ የሚመራው በክልሉ የግዥ ሕግና መመሪያ ነው። ደብረ ብርሃን ያለ እንደ ዩኒቨርሲቲው ያለ የፌዴራል ተቋም ደግሞ በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ይመራል። በዚህ ነጥብ ላይ ግን ልዩነት የላቸውም።

መለያው በወረቀት ስም አይደለም፣ በሥራው አካሄድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 4 የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2610 ደግሞ ሌላ ዓይነት ውል ይነግረናል፤ አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት የሚገባበት ውል። አሁን ማረፊያችሁ ውስጥ ግቢና ተመልከቺ። ምጣዱ የማን ነው? ሳሙናውን ማን ይገዛል? «ነገ ሦስት እንግዳ ይመጣል፣ ሽሮ ሥሪ» ብሎ የሚያዛት ማን ነው? አንድ ቀን ቢያማት እህቷን ልካ ማሠራት ትችላለች ወይስ «አንቺው ነይ» ትባላለች? እንደ ጻፍሽልኝ ከሆነ ዕቃው የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ የሚያዛት የማረፊያው ኃላፊ ነው፣ የምትከፈለውም በወር ነው። ይህ ቅጥር ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቅጥር ነበር። ስሙ ብቻ ነው የጠፋው።

ስለዚህ ሁለት ንጹሕ መንገድ አላችሁ። አንደኛው መሥሪያ ቤቱ ራሱ መቅጠር ነው። የሥራ መደብ ካለ በቋሚነት፣ ከሌለ በኮንትራት። ይህ የሰው ኃይል ጉዳይ ነው፤ ግዥ ክፍልሽን አያገባውም። በጀቱም ከደመወዝና ከምንዳ ሒሳብ ነው የሚወጣው፤ ቋሚ ከሆነች በሒሳብ መደብ 6111፣ ኮንትራት ከሆነች 6113። ከፔቲ ካሽ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው መንገድ አገልግሎቱን ከድርጅት መግዛት ነው። ያኔ ወጪው በተለምዶ 6251 ላይ፣ በውል ለሚፈጸም አገልግሎት ይያዛል። የምትገዢው ግን አገልግሎት ነው። «ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ» ብለሽ ጨረታ አታውጪ። ሰው በቁጥር አይገዛም።

እኔን ብትጠይቂኝ ለስድስት ክፍል ማረፊያ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሥራው ትንሽ ነው፣ ቋሚ ነው፣ ሴትየዋም ሥራውን ታውቀዋለች። ድርጅት ቢገባ ትርፉን የሚያገኘው ከእሷ ደመወዝ ላይ ነው። ሆኖም ውሳኔው የመሥሪያ ቤቱ ነውና ወደ ጨረታ ከሄዳችሁ ሰነዱ እንዴት ቢጻፍ ደህና እንደሚሆን ልንገርሽ።

ከዘበኛው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የማያሰላው እሱን ነው። አንድ ዘበኛ ሌሊትም ቀንም ይጠብቃል ብለሽ ብትጽፊ ሕግ እየጣስሽ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሰው መሥራት የሚችለው 48 ነው። 168ን ለ48 ብታካፍዪ ሦስት ተኩል ይመጣል። ስለዚህ ሙሉ ጥበቃ ከፈለጋችሁ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል። ሌሊት ብቻ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በሳምንት 84 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የደብረ ብርሃንን ወይም የመሐል ሜዳን ሌሊት የምታውቂው አንቺ ነሽ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ለብቻው ሰባት ሌሊት የሚቆም ሰው እየጠበቀ አይደለም፤ እየተጎዳ ነው። ካፖርትና ብርድ ልብስ የማን ግዴታ እንደሆነም በሰነዱ ላይ ይጻፍ። በጨረታ ላይ «አንድ ዘበኛ» ብሎ ርካሽ ዋጋ የሚያቀርብ ይመጣል። ሒሳቡን ቀድመሽ ሠርተሽ ካልያዝሽ እሱ ያሸንፋል።

የጽዳቱንና የምግቡን ሥራ በውጤት ጻፊው። ስንት ክፍል፣ አንሶላ በየስንት ቀን፣ ቁርስና እራት ለስንት ሰው፣ እንግዳ በሌለበት ቀን ምን ይሠራል። ዕቃና ሳሙና በማን በኩል እንደሆነ ለይተሽ አስቀምጪ። እነዚህ ግልጽ ሲሆኑ የሚያዛት ድርጅቱ ይሆናል፤ ካልሆኑ ግን በወረቀት ድርጅት ገዝተሽ በተግባር ያው የድሮው ሴትዮ በማረፊያው ኃላፊ እየታዘዘች ትቀጥላለች። ያን ጊዜ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ዋጋ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው 94ኛ ስምምነት ስለ መንግሥት ግዥ ውሎች ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሕዝብ ገንዘብ በሚወጣበት ውል ውስጥ የሠራተኛው ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ካለው እንዳያንስ የሚያዝ ቃል ይግባ ይላል። ከውሉ ልዩ ሁኔታዎች ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ለማስገባት የሚከለክልሽ ነገር የለም። ተጫራቹ የዋጋ ትንተና እንዲያቀርብ ጠይቂ። ለምሳሌ ለአንድ ሠራተኛ 3,000 ብር ደመወዝ ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ነው፤ 330 ብር። ሠራተኛዋ ራሷ 7 በመቶ ትከፍላለች። በዚያ ላይ ለዓመት ፈቃዷ ተተኪ፣ የሥራ ልብስና የድርጅቱ ትርፍ ይጨመራል። ጠቅላላ 3,200 ብር ያቀረበ ተጫራች ከመካከላቸው አንዱን እንደማይከፍል ከወዲሁ ታያለሽ። የወር ክፍያውንም ያለፈው ወር ደመወዝ ለሠራተኞቹ የተከፈለበት ሰነድና የጡረታ መዋጮው ገቢ የሆነበት ደረሰኝ ሲቀርብ ብቻ እንዲለቀቅ አድርጊ። ይህ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ለስንቷ እናት የወር መጨረሻ ግን ትርጉም አለው።

አሁን ወደ አለቃሽ ቤት ሠራተኛ እንምጣ። ይህኛው አጭር ነው። የሚኖሩበት ቤት የመንግሥት መሆኑ ቤተሰባቸውን መንግሥት አያደርገውም። የቤት ሠራተኛዋ ለእሳቸው ልጆች ነው ቁርስ የምትሠራው። አሠሪዋ እሳቸው ናቸው። አንድ ኃላፊ የተለየ ጥቅማ ጥቅም የሚገባው ከሆነ ሕግ ወይም መመሪያ ይፈቅድለታል፣ በስሙ ይከፈለዋል። በጽዳት ጨረታ ሥር ተደብቆ ግን አይመጣም።

አንኮበር ወጥተሽ የቤተ መንግሥቱን ፍራሽ አይተሽ ታውቂ እንደሆነ አላውቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ የንጉሡ ወጥ ቤትና የመንግሥቱ ወጥ ቤት አንድ ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋም፣ ጠጅ ጣይዋም፣ ዘበኛውም ለንጉሡም ለአገሩም ነበሩ፤ የሚለያቸው መዝገብ አልነበረም። ዛሬ የበጀት ሕግ የምንለው ነገር ከሁሉ በፊት ያመጣው ይህን መለየት ነው፤ የሹሙ ጓዳ ሌላ፣ የሕዝቡ ግምጃ ቤት ሌላ። አንቺ ያለሽበት ወንበር ያን ድንበር የምትጠብቂበት ነው።

ለአለቃ «አይሆንም» ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በተለይ ወረዳ ላይ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት። እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። በቃል አትከራከሪ። «የግዥ ፍላጎቱ በየትኛው የመሥሪያ ቤቱ ሥራና በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ብለሽ አጭር ማስታወሻ ጻፊ። በአክብሮት ይሁን። ብዙ ጊዜ ጥያቄው እዚያ ላይ ያበቃል። ካላበቃም ማስታወሻዋ ፋይልሽ ውስጥ ናት።

የቀረው የሴቶቹ ማኅበር ነው። ኮሚቴያችሁ የተጣላው ሁለት ነገር ስለተደባለቀበት ይመስለኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለው ያሳያል። አንደኛው ማገናኘት ነው፤ ከሥራ ፈላጊዋ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል ቀጣሪና ሠራተኛ ማገናኘት። ሁለተኛው ሠራተኛዋን ራሱ ቀጥሮ ሌላ ድርጅት ውስጥ ማሠማራት ነው። ማኅበሩ ልጆቹን በሰው ቤት ያስገባቸው በየትኛው መንገድ ነው? ቤተሰቡ ራሱ ቀጥሯቸው፣ ደመወዝ ራሱ ከፍሏቸው ከሆነ የማኅበሩ ሥራ ማገናኘት ነበር። የጽዳቱ ልምድ የሴቶቹ እንጂ የማኅበሩ አይደለም። ማኅበሩ ራሱ ቀጥሯቸው፣ ደመወዝ ከፍሏቸው፣ በተመላላሽ ቤት ለቤት እያስጸዳ ከቤተሰቦቹ የአገልግሎት ዋጋ ተቀብሎ ከሆነ ግን ይህ እውነተኛ የጽዳት አገልግሎት ልምድ ነው። ደንበኛው ቤተሰብ መሆኑ ልምድነቱን አያሳጣውም።

ስለዚህ መጠየቅ የነበረባችሁ የፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) እና የውል ማስረጃ ነበር። «የሰው ቤት ሥራ ልምድ አይደለም» ብሎ ማጣጣል ግን ትክክል አይደለም፤ ፍትሕም የለበትም። ከስድስት ሰው ቤት ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ የተጠራች አጽጂ ሥራዋን ታውቃለች ማለት ነው። ቤተሰብ ማኅተም የለውም፤ ደብዳቤ ጻፍልኝ ቢባልም በእጁ ጽፎ ይፈርማል። የጨረታ ሰነዳችሁ ከመንግሥት ተቋም የተጻፈ ልምድ ብቻ ይቀበል ከነበረ ሳታስቡት የዘጋችሁባቸው እነሱን ነው። ያለፈውን አሁን መለወጥ አይቻልም፤ ሰነድ ከተከፈተ በኋላ መመዘኛ አይነካም። ለሚቀጥለው ግን «በውል የተፈጸመ ተመሳሳይ የጽዳት አገልግሎት፣ ከማንኛውም ተገልጋይ፣ በክፍያ ማስረጃ የተደገፈ» ብላችሁ ጻፉ። ጥበቃውን፣ ጽዳቱንና ምግቡን በተለያየ ሎት (በአንድ ጨረታ ውስጥ ለየብቻ የሚወዳደሩበት ክፍል) ብታወጡትም ትንንሽ ማኅበራት ይገቡበታል። ነገር ግን ሎት መለየትና ግዥ መከፋፈል ለየቅል ናቸው። ሁሉም በአንድ ማስታወቂያ፣ በጠቅላላ ዋጋው ልክ በሚጠየቀው የግዥ ዘዴ ይውጣ። በፕሮፎርማ (ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ በመሰብሰብ) ለማምለጥ ሲባል ቆራርጦ መግዛት ክልክል ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አራት ዓመት የሠራችው ሴትና ዘበኛው። ኦዲት ሲመጣ መሥሪያ ቤት ቶሎ የሚቀናው መንገድ ሰውየውን ማሰናበት ነው። ሰኔ 30 ሲደርስ «በጀት ዘጋን፣ ከሐምሌ ጀምሮ አትምጡ» ይባላል። ጥፋቱ ግን የእነሱ አልነበረም። የክፍያ ሰነዶቹን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አሰባስቢና ቅጂ ያዢ። አገልግሎታቸውን የሚያረጋግጥ ሌላ ወረቀት የላቸውም። የትኛው ሕግ እንደሚገዛቸው፣ የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ወይስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በቅጥሩ ዓይነት ነው የሚወሰነው። ይህን ለሰው ኃይል ክፍሉና ለፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አቅርቢ። ለኦዲተሩ የምትሰጪው መልስ ላይም «ቅጥር ነበር፣ በስህተት በፔቲ ካሽ ተከፍሏል፣ በዚህ ቀን ይስተካከላል» ብለሽ እውነቱን ጻፊ። ወደ ጨረታ ከተኬደም አሸናፊው ድርጅት ነባሮቹን ሠራተኞች ቅድሚያ ሰጥቶ እንዲያነጋግር በሰነዱ ላይ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሴትየዋንም አነጋግሪያት። ከተቻለ ዛሬ፣ ማረፊያው ኩሽና ገብተሽ። ስለ እሷ ይህን ያህል ወረቀት እየተጻፈ እንደሆነ ምናልባት አልሰማች ይሆናል።